ሐሙስ ከሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከግቢ መጣ። ዘንድሮ ፍሬሽ፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከዳንግላ ተነሥቶ ባሕር ዳር ከገባ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ጣና ዳር ተቀመጥንና የዓሣ ጥብስ አዘዝን። ዓሣው ሳይመጣ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"እትዬ፣ እስቲ ይህን እይልኝ" አለኝ።

አየሁትና ደነገጥኩ። የራሴ የድሮ ወረቀት መሰለኝ።

ከላይ ሰባቱ ቀናት፣ ከጎን ሰዓቶቹ ተደርድረዋል። ክላስ በሰማያዊ፣ ጥናት በቀይ፣ ላይብረሪ በአረንጓዴ ተቀብቷል። ቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምርና ከምሽቱ 5 ሰዓት ያልቃል። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ምሳ 30 ደቂቃ ተፈርዶላታል። ልብስ ማጠብ የለም። ቤተ ክርስቲያን የለም። እኔ ጋ መምጣትም የለም።

"ታዲያ አሁን የት ነህ?" አልኩት።

ሳቀ። ጣቱን ቅዳሜ ላይ፣ አረንጓዴው ላይ አደረገና "ላይብረሪ ነኝ" አለ።

እኔም የዛሬ 14 ዓመት እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ስገባ እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረኝ። ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌው ነበር። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ከማወራው ጥፋት የሚበዛው የራሴ ስለሆነ የሌላውን ስም ማንሣት ነውር ነው። ወረቀቴ እስከ ረቡዕ ቆየ። እሑድ ማታ ሠራሁት። ሰኞ ጠበቅኩት። ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነቃሁና መጽሐፉ ላይ ተደፍቼ ተኛሁ። ረቡዕ "በቃ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ እንደ አዲስ" አልኩ። ይህ የሚቀጥለው ሰኞ የሚባል ነገር ስንት ተማሪ በልቷል መሰላችሁ። እናቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትል ነበር። ለእኔ የታጠቅኩት መፈታቱ ብቻ ሳይሆን አደናቀፈኝም።

እንዲያውም የመጀመሪያው ቀን ክላስ ከነጭራሹ አመለጠኝ። በስንፍና አይደለም። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ስኬጁል "8፡30" ይላል። 8፡30 ለእኔ ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት ተረጋግቼ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ 8፡20 ላይ ክፍሉ በር ደረስኩ። ወንበር ብቻ! የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያቸውን ይዘው ብቅ አሉና "ልጄ፣ እነሱማ ጠዋት ተምረው ወጡ እኮ" አሉኝ። ለካ በፈረንጅ ሰዓት ነው የተጻፈው። በእኛ ከጠዋቱ 2፡30 መሆኑ ነው።

የዚህ ነገር ተንኮሉ ምኑ ላይ መሰላችሁ? በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። 2፡30ም 8፡30ም በሁለቱም አቆጣጠር የክላስ ሰዓት ይሆናሉ። 3ና 9፣ 4ና 10ም እንደዚያው። ቁጥሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቢወድቅ ኖሮ ስህተት መሆኑን ማንም ያውቀው ነበር። ይኸኛው ግን በየትኛውም ብታነቡት ልክ ይመስላል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስንት ኮርስ አለህ ብዬ አይደለም።

"ይህ ሰዓት በየትኛው ነው?"

"በእኛ ገልብጬዋለሁ።"

ጎሽ! ከእኔ ይሻላል።

ስለ ኮሌጅ ስኬጁል አወጣጥ ከሌላ አገር የሚመጣ ምክር ሁሌም ያስቀናኛል። ጠዋት መነሣት ካልወደድክ የጠዋት ክላስ አትምረጥ ይላል። ዓርብን ባዶ አድርጋት ይላል። እኛ ጋ መደበኛ ተማሪን ማን ምረጥ ብሎት! ሴክሽን ትመደባለህ፣ የሴክሽንህ ስኬጁል ይወጣል፣ አለቀ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ የጋራ ሆኗል። ዲፓርትመንት የሚባለው ጣጣ ገና በኋላ ነው የሚመጣው። የእህቴ ልጅ ናቹራል ሳይንስ ነው። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ማትስ፣ ጄነራል ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግና ጂኦግራፊ ይማራል። ሰባተኛው ፊዚካል ፊትነስ ነው። እሱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም፤ ሩጫው ግን ላብ ያስወጣል።

"ክላሱ ከተሰጠኝ ታዲያ ምኑን ነው የማቅደው? ቀሪውን በጥናት መሙላት ነው እንጂ" አለኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። የሶፍቱ ጀርባ ላይ መደመር ጀመርኩ። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሳልደምር ማሰብ አልችልም።

ስድስቱ ኮርሶች እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው። በሳምንት 18 ሰዓት ክላስ ማለት ነው። 18 ሰዓት ሲሰሙት ቀላል ነው። ልጁንም ያታለለው ይኸው ቁጥር ነው። ነገር ግን ከክሬዲቱ ጎን ሌላ ቁጥር ይጻፋል፤ 5 ኢሲቲኤስ ይላል። ፍሬሽ ሆኖ ይህን የሚያነብ አላየሁም። እኔም አላነበብኩም። ስሌቱ ከአውሮፓ የመጣ ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል ተብሎ ይታሰባል። ክላሱም፣ ጥናቱም፣ አሳይመንቱም፣ ለፈተና መዘጋጀቱም እዚያ ውስጥ ነው። ስድስት ኮርስ በ5 ሲባዛ 30። በሰዓት ከ750 እስከ 900። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይመጣል።

"56!" አለ።

"ቆይ፣ ገና ነው" አልኩት። በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። በቀን 8 ሰዓት ብትተኛ በሳምንት 56 ነው። ለትምህርት ከበዛ 56። ሁለቱን ከ168 ስትቀንስ የሚቀርህ ስንት ነው? 56። ሳምንቱ ሦስት እኩል ቦታ ተቆረሰ። አንዱ የእንቅልፍ፣ አንዱ የትምህርት፣ አንዱ ደግሞ የቀረው ነገር ሁሉ።

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። "ያንተ ስኬጁል ላይ ሦስተኛው የት አለ?"

ዝም አለ። ዓሣው መጣ። እሱ አጥንት ሲለቅም እኔ ስለ ሦስተኛው ቁራሽ አወራሁ። ዓሣው ሲቀዘቅዝ እንደማይጥም አውቃለሁ፤ ግን ወሬ ከጀመርኩ አላቆምም።

ሰው ሦስተኛውን ቁራሽ ትርፍ ጊዜ ይለዋል። ግቢ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። የግቢው ካፌ የሚበላ ተማሪ ሰልፍ አለበት። ካፌው የራሱ ሰዓት አለው፤ ክላስህ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀ ሰልፉን ከጭራው ነው የምትይዘው። 30 ደቂቃ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ልብስ በእጅ ነው የሚታጠበው። ቅዳሜ ጠዋት ገንዳው ጋ ከሄድክ ወሬውን ጨምሮ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የባሕር ዳር ፀሐይ ቶሎ ማድረቁ ብቻ ነው ትርፉ። ላብራቶሪ ያለው ኮርስ ከሆነ ደግሞ ክሬዲቱ ይዋሻል። አንድ ክሬዲት ተብሎ የተጻፈ ላብራቶሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆምሃል፤ ሪፖርቱ ገና አልተጻፈም።

ከሁሉ የባሰው ሜካፕ፣ የቀረ ክላስ ማካካሻው ነው። መምህሩ አንድ ሳምንት ጉዳይ ይገጥመዋል፣ ወይ በዓል ይገባል፣ ወይ መብራት ይጠፋና ፕሮጀክተሩ አይሠራም። ክላሱ ይቀራል። ተማሪው "ተገላገልን" ብሎ ይጨፍራል። የሚጨፍረው አዲስ ተማሪ ነው። ሲኒየር አይጨፍርም፤ ያ ክላስ ቅዳሜ ወይ ማታ ዞሮ እንደሚመጣ ያውቃል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ሜካፑ፣ አሳይመንቱና ፕረዘንቴሽኑ አንድ ሳምንት ላይ ይከመራሉ። ስኬጁልህ ክፍት ቦታ ካለው ሜካፑ እዚያ ይገባል። ከሌለው ከእንቅልፍህ ይቆረጣል።

ከ8 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ሽሮህን በልተህ መጽሐፍ አትግለጥ አልኩት። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ቢባልም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የከሰዓቱ ሙቀት ይህን የሰማ አይመስልም። የሁለተኛው ሴሚስተር ሁዳዴም እዚያው ላይ ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ልጅ የ8 ሰዓት ፊዚክስ ምን እንደሚመስል የጾመ ያውቀዋል። ረመዳንን የሚጾሙ ጓደኞቼም እንዲሁ ነበሩ። እነሱ ግን ከእኛ ይልቅ ብልህ ነበሩ። ከባዱን ጠዋት ጨርሰው ከሰዓት ኖት ይገለብጡ ነበር። እኔ ተቃራኒውን እሠራ ነበር። ጠዋት አእምሮዬ ንጹሕ ሲሆን የእጅ ጽሑፌን አሳምራለሁ፤ ከሰዓት እያዛጋሁ ማትስ እሠራለሁ።

ስኬጁል የመምረጥ ዕድል በሕይወቴ አንድ ጊዜ አግኝቼ ነበር። የተበላሁትም ያኔ ነው።

ሁለተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር። የተመደበልኝ 17 ክሬዲት ነው። ከላይኛው ባች አንድ 4 ክሬዲት ኮርስ አድ አደረግኩ። በሚቀጥለው ዓመት ቀለል ይለኛል ብዬ ነው። 21 ሆነ። በዚያ ላይ ቀበሌ 14 ሁለት ሕፃናት በሳምንት አራት ማታ አስጠና ነበር። በብስክሌት ነው የምሄደው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት አትከብድም። ማታ መብራት በሌለበት መንገድ ግን ትከብዳለች። አድ ያደረግኩት ኮርስ ማክሰኞ ጠዋት ከራሴ ባች ኮርስ ጋር ይጋጫል። አንድ ሳምንት አንዱን፣ በሚቀጥለው ሌላውን እገባለሁ አልኩ። እንዴት እንዳሰብኩት ዛሬም አይገባኝም። ያኔ ግን በጣም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ኪዊዝ መጣ። የሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው የማውቀው። የአድና ድሮፕ፣ ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አንዱን መጣል አለብኝ። የትኛውን? እንደ ማንኛውም ሰው የከበደኝን ጣልኩ። አድ ያደረግኩት ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን አስቀረሁት። ቅጹን ሞላሁ። አድቫይዘሬ ኮሪደር ላይ ቆሞ ፈረመ። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የጣልኩት ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለሦስተኛ ዓመት ሁለት ኮርሶች ፕሪሪኩዚት ነበር። እሱን ሳትወስድ እነሱን አትነካም። እነሱን ካልወሰድክ ከእነሱ በኋላ ያለውን አትወስድም። ይህ ሁሉ ካሪኩለሙ ላይ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ተጽፏል። ሰንጠረዡን ያየሁት ክረምት ላይ ነው። 4 ክሬዲት አስቀድሜ ልወስድ ብዬ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረሁ።

ጓደኞቼ ሲመረቁ ፎቶ አንሺያቸው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ዳንግላ ሆና ለምርቃቴ ትዘጋጅ ነበር። አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ግንቦት ደረሰ። አንድ ቀን በስልክ ስለ ጠላው ስታወራ ጌሾውን ማድረቋን ነገረችኝ። ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ፕሪሪኩዚት የሚለውን እንዴት በአማርኛ እንዳስረዳኋት አላስታውስም። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ። ጌሾው እንደሆነ አይበላሽም" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በሚቀጥለው ዓመት የጠጣነው ጠላ በዚያው ጌሾ የተጠመቀ ነው።

ይህን ታሪክ የእህቴ ልጅ ያውቀዋል። ቤታችን ውስጥ ጌሾ በተነሣ ቁጥር ይነሣል። እሱ የማያውቀው የማክሰኞዋን ግጭት ነበር። "እትዬ፣ አንቺ እንዲህ ትሠሪያለሽ?" አለና ዓሣውን ትቶ አየኝ። ትንሽ ከዓይኑ የወረድኩ መሰለኝ። ይሁን።

ከተቀመጥንበት ወረድ ብሎ ሁለት ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። እሱ የታንኳ አገር ልጅ አይደለም። "ተሰብረው ነው?" ብሎ ጠየቀ። አይደለም አልኩት። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ሲወጣ ቀሎ የወጣው ታንኳ ሲመለስ ከብዶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ባለቤቱ ከውሃ ያወጣውና ቀጥ አድርጎ አቁሞ ያደርቀዋል። ሳይደርቅ በላዩ ላይ ተጭኖ ቢሄድ እየሰመጠ፣ እየበሰበሰም ይሄዳል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን ከአባት ከእናታቸው ነው የተማሩት። ምሳሌ ላደርገው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አክስት ሲኮን ምክር ይበዛል።

ወረቀቱን ገለበጥነውና ከጀርባው እንደገና ጀመርን። መጀመሪያ የማይነቃነቀውን ጻፈ። ክላሱን፣ እንቅልፉን፣ የካፌውን ሰዓት፣ እሑድ ጠዋትን፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን። "እትዬ ጋ መምጣት" ብሎ ደግሞ በወር ሁለት ቅዳሜ ጻፈ። ሦስት ይሁን ብዬ ነበር፤ አልተቀበለኝም። ከዚያ ጥናቱ መጣ። "ጥናት" ብለህ አትጻፍ አልኩት። ጥናት የሚባል ኮርስ የለም። "ማትስ፣ የዚህን ሳምንት ወርክሺት" ብለህ ጻፍ። ማትስና ፊዚክስን ጠዋት ክላስ በሌለበት ሰዓት አደረጋቸው። ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊ ንባብ ስለሆኑ ማታ ሆኑ። ከእያንዳንዱ ክላስ በኋላ፣ ሳያድር፣ ኖቱን የሚያይበት ግማሽ ሰዓት አስገባ። ይህችን ግማሽ ሰዓት ዛሬም ሥራ ቦታ ከስብሰባ በኋላ እጠቀምባታለሁ። ሲያድር ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የኪዊዙንና የሚድ ፈተናውን ቀን ደግሞ ሌላ ወረቀት ላይ፣ 16ቱን ሳምንት ቁጥር ሰጥቶ አሰፈረ። እስካሁን የተነገረው ሦስት ብቻ ነው። ሁለቱ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ናቸው። እዚያ ላይ ክብ አደረገበት። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ዳንግላ ደርሶ ለመምጣት አስቦ ነበር። ተወው።

ስንጨርስ ሐሙስ ባዶ ቀረች። ሐሙስ ያለው አንድ ክላስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እስክሪብቶውን አንሥቶ እዚያ ላይ አንዣበበ።

"እዚህ ምን ልጻፍ?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ባዶ ተዋት።"

አልተዋጠለትም። ቀለሜ ልጅ ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያይ ያሳክከዋል። ቢያንስ "ዕረፍት" ብዬ ልጻፍበት አለ። ከጻፍክበት ዕረፍት አይሆንም፣ ካላረፍክ ደግሞ ራስህን ትወቅሳለህ አልኩት። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ከሰዓት ሲሆን ጣና ይናወጣል። የገዳማቱ ጀልባዎችም በአብዛኛው ጠዋት ነው የሚወጡት። ባጃጅ ላይ አሳፈርኩትና ተለያየን።

ሰኞ ማታ ስልኬ ጮኸ። የክፍላቸው ተወካይ ቴሌግራም ላይ የጻፈውን ስክሪንሾት አንሥቶ ልኮልኛል። "የማትስ ሜካፕ ሐሙስ 9፡00። ማንም እንዳይቀር።" ከሥሩ እሱ ራሱ "እትዬ፣ ሐሙስ ተበላች" ብሎ የሚስቅ ፊት ጨምሯል።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አየሁት። ጠዋት 3 ሰዓትም ነፃ ነው፣ ከሰዓት 9 ሰዓትም ነፃ ነው።

"በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብዬ ጻፍኩለት።

ለብዙ ደቂቃ መልስ የለም። በመጨረሻ "ቆይ ልጠይቅ" አለ።